ጋዝ የሟሟበት ውሃና ከድንጋይ ውስጥ የቀረው ነዳጅ

ጥያቄ፦ ድፍድፍ ነዳጅን ለመግፋት ውሃ ወደ ጉድጓድ እንደሚጨመር አውቃለሁ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሟሟበት ውሃ ቢጨመር ግን የበለጠ ነዳጅ ይገኛል ሲባል ሰማሁ። ጋዙ ምን ይፈይዳል? ብቻውን ማስገባትስ አይሻልም? (የኬሚስትሪ መምህር፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ነዳጅ ከምድር በታች እንደ ሐይቅ የተጠራቀመ ሳይሆን በድንጋይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ የተያዘ ነው። ውሃ ሲገፋው በቀላሉ የሚፈሰው ይወጣል፤ ወፍራሙና በጠባብ ቀዳዳ የታፈነው ግን ውሃው በጎን አልፎት ስለሚሄድ፣ በብዙ መስኮች ከግማሽ በላይ የሆነው ነዳጅ እዚያው ይቀራል።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውሃ ይልቅ በነዳጅ ውስጥ በብዛት ይሟሟል። ስለዚህ ጋዙን የተሸከመው ውሃ የታፈነውን የነዳጅ ጠብታ ሲነካ፣ ጋዙ ውሃውን ትቶ ወደ ጠብታው ይገባል፤ ጠብታው ያብጣል፣ ይቀጥናል፣ ከጎኑ ካለው ጋር ተገናኝቶም መፍሰስ ይጀምራል። የአምቦ ውሃ ሲከፈት ጋዙ የሚያመልጠው ግፊቱ ስለሚቀንስ ነው፤ በአንጻሩ ከባሕር ወለል አየር 100 እጥፍ ያህል በሆነ ግፊትና በ50 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት፣ አንድ ሊትር ጨው አልባ ውሃ ከ40 ግራም በላይ ጋዝ ይይዛል። ጨው በበዛ ቁጥር ግን መጠኑ ይቀንሳል፤ የዘዴው ዋና ገደብም ይህ ይመስለኛል፤ ጥቂት ጋዝ ለማድረስ ብዙ ውሃ ያስፈልጋልና።

ጋዙ ብቻውን ሲገባ ከነዳጁ እጅግ ስለሚቀጥንና ስለሚቀል፣ ወደ ላይ ተንሳፍፎ ወይም በቀላሉ በሚያሳልፈው የድንጋይ ንጣፍ ሾልኮ ማውጫው ጉድጓድ ሊደርስ ይችላል። ጋዝ የሟሟበት ውሃ ግን ከተራው ውሃ በጥቂቱ ስለሚከብድ አይንሳፈፍም። ሆኖም ጋዝ እንደ ልብ በሚገኝበትና ግፊቱ በቂ በሆነበት ቦታ ጋዙ ከነዳጁ ጋር ሙሉ በሙሉ ሊዋሃድ ስለሚችል የተሻለ ውጤት ይሰጣል፤ በቴክሳስ የሳክሮክ መስክ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጋዙ በስፋት የገባው በዚህ ስሌት ነው። እንደ እኔ እምነት፣ ጋዝ ያለው ውሃ የሚመረጠው ጋዙ ውስን ሆኖ የውሃ መግፊያው መሣሪያ አስቀድሞ በተተከለበት መስክ ነው።

ዘዴው አዲስ አይደለም። በኦክላሆማ የዲዊ ባርትልስቪል መስክ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ተሞክሮ፣ ከነዳጁ በተጨማሪ ጉድጓዶቹ ውሃ የመቀበል አቅማቸው እንደተሻሻለ ተዘግቧል፤ ጋዙ ከውሃው ጋር የሚፈጥረው ካርቦኒክ አሲድ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለውን የኖራ ማዕድን ያሟሟልና። ያው አሲድ የብረት ቱቦንና ፓምፕንም ይበላል። ስለዚህ ዝገት የሚቋቋም ብረትና መከላከያ ኬሚካል ያልተመደበለት ፕሮጀክት፣ የሚያወጣው ተጨማሪ ነዳጅ የቱቦ መቀየሪያውን ወጪ እንኳ ላይሸፍን ይችላል።