ጥያቄና መልስ፦ ልጄ በፋሲካ ዶሮ አልበላም አለች

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምንኖረው ቨርጂንያ ነው። ልጄ ኮሌጅ ከገባች ወዲህ ሥጋውንም እንቁላሉንም ወተቱንም ትታለች። የፋሲካ ሌሊት እኛ ዶሮ ስንቆርስ እሷ ሽሮ አሙቃ በላች። «ሰው ስላልሆነ ብቻ እንስሳን ማረድ ከዘረኝነት አይለይም» ትላለች። በበዓለ ሃምሳ ጾም የለም ብዬ ብቆጣት አልሰማ አለችኝ። ኃጢአት ሆኖባት ይሆን?

መልስ፦ እናቴ፣ ልብዎ ይረፍ። ልጅዎ ሽሮ በላች እንጂ አልጾመችም። በበዓለ ሃምሳ የማንጾመው የትንሣኤው ደስታ ስለሆነ ነው፤ ሥጋ የመብላት ግዴታ ግን የለብንም። (ለእኛ ለሐበሾች የሚከብደን ቅቤ የሌለው የፋሲካ ሽሮ ነው እንጂ!)

አነጋገሯ ግን ሌላ ነገር ነው። ሪቻርድ ራይደር የሚባል እንግሊዛዊ የሥነ ልቦና ምሁር እሷ ለምትቃወመው አስተሳሰብ በፈረንጆቹ 1970 ስም አወጣለት፤ በእኛ ቋንቋ «ለራስ ዝርያ ማድላት» ብንለው ይቀራረባል። እንደ እሷ የሚያስቡት ሕመም የማንም ቢሆን ሕመም ነው ይላሉ። ይህ እውነት ነው። ጌታችን ከድንቢጦች አንዲቱ እንኳ ያለ አባታችሁ ፈቃድ አትወድቅም አለ፤ እዚያው ላይ ደግሞ እናንተ ከብዙ ድንቢጦች ትበልጣላችሁ አለ (ማቴ. 10፥29-31)። ልጅዎ ፊተኛውን ይዛ ኋለኛውን ተወችው። እኛ ደግሞ ኋለኛውን ይዘን ፊተኛውን ረስተነዋል።

የአገር ቤቱን የበዓል ገበያ ያስታውሱ። ዶሮው እግሩ ታስሮ ቁልቁል ተንጠልጥሎ፣ አፉን ከፍቶ ያለከልካል። በጉ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ተጠፍሯል። ልጅ ሳለሁ አንዱን ዶሮ እንዲያ አንጠልጥዬ ስገባ እናቴ «ቀና አድርገህ ያዘው፣ ነፍስ አለው እኮ!» ብላ ነጠቀችኝ። ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ ይራራል የሚለውን (ምሳ. 12፥10) ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። የሚያበራየውን በሬ አፉን አትሰር የሚለውም ሕግ ነው (ዘዳ. 25፥4)።

ማረዱስ ኃጢአት ነው? አይደለም። በኤደን የተሰጠን እህልና ፍሬ ነበር፤ ከጥፋት ውኃ በኋላ ግን ለኖኅ ሥጋም ተፈቀደ (ዘፍ. 9፥3)። ፈጣሪ የፈቀደውን ዘረኝነት ልንለው አንችልም። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተሰበሰበው የገንግራ ጉባኤም ሥጋ የሚበላ ምእመን ተስፋ የለውም የሚሉትን አውግዟል። መተው ትችላለች፤ በእርስዎ መፍረድ ግን አትችልም። ለእርስዎም ቃል አለ፦ የሚበላ የማይበላውን አይናቀው (ሮሜ 14፥3)። ለመጪው ፋሲካ ጥሩ ምስር ወጥ ይሥሩላትና አብራችሁ ግደፉ።

አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። ዐቢይ ጾም ሲገባ «እኔ እኮ ዓመቱን ሙሉ ጿሚ ነኝ» ብላ እንዳትሸውድዎ። ጠዋት በአጃ ወተት ማኪያቶ ጠጥታ ከወጣች ያ አመጋገብ ነው። እንደ እናቷ ሰዓት ትጠብቅ፣ ትጸልይ፣ ትስገድ።