ካርቶኑን ሳይሆን እጃችሁን እዩ፦ ስለ ጌም ማውስ ጥያቄና መልስ

«ስለ ጌም ማውስ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ጠየቃችሁ፤ ያውም በብዛት! የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረጃጅሞቹን አሳጥሬ እነሆ መልሱ። እኔ ማውስ አልሸጥም። ብዙ ገዝቻለሁ፣ ብዙ ፈትቻለሁ፣ ጥቂቱን ደግሞ ስፈታ ሰብሬያለሁ።

ጥያቄ፦ አንዱ ማውስ 12,000 ዲፒአይ ይላል፣ ሌላው 25,600። ትልቁን ልግዛ አይደል?

በዚህ ቁጥር ብቻማ እንዳትገዛ! ዲፒአይ ማለት ማውሱን አንድ ኢንች፣ ማለትም 2.54 ሴንቲ ሜትር፣ ስትገፋው ለኮምፒውተሩ ስንት ቆጠራ ይልካል ማለት ነው። 800 ላይ ካደረግከው 800 ይልካል። ዊንዶውስ መደበኛ ፍጥነቱ ላይ ከሆነና ማፋጠኛው ከጠፋ ጠቋሚው 800 ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) ይሄዳል።

አሁን 25,600ን አስበው። ስክሪንህ በአግድም 1920 ፒክስል ቢሆን፣ ጠቋሚው ከዳር እስከ ዳር ለመድረስ ማውሱ 2 ሚሊ ሜትር እንኳ መንቀሳቀስ አይጠበቅበትም። ትንፋሽህ ራሱ ያንቀሳቅሰዋል። በዚህ ማን አነጣጥሮ ይመታል? በተኩስ ጌም የሚወዳደሩት አብዛኞቹ ከ400 እስከ 1600 ባለው ውስጥ ናቸው። 800 በጣም የተለመደ ነው።

ቁጥሩ ታዲያ ለምን በየዓመቱ ያድጋል? ካርቶን ላይ ስለሚያምር ነዋ። ከታወቁት ሠሪዎች የሚወጣ የዛሬ ጌም ማውስ ሴንሰሩ፣ ማለትም ከሥሩ ሆኖ እንቅስቃሴውን የሚያየው ዓይኑ፣ ለማናችንም ይበቃል። ፒክስአርት 3360 የሚባለው ሴንሰር ዛሬ እንደ አሮጌ ይታያል፤ ግን በእሱ የተሸነፈ ሰው «ሴንሰሩ ነው ያስበላኝ» ቢለኝ አላምነውም።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ሴንሰሩን ተውኩት። ታዲያ ምኑን ልይ?

ቅርጹን። ከዚያም ቅርጹን። ከዚያ መጠኑን።

የመጀመሪያውን ውድ ማውሴን የገዛሁት መልኩን አይቼ ነው። ሰፊ ነበር፤ ጀርባው ከፍ ያለ፣ መብራቱ እንደ ሠርግ ቤት። በሁለተኛው ሳምንት ትንሿ ጣቴ የማታርፍበት አጥታ ማውስ ፓዱ ላይ ስትጎተት ቆዳዋ ተላጠ። ማውሱ ምንም ጥፋት የለበትም። እጄ ትንሽ ነው፣ እሱ ትልቅ ነው። ለአክስቴ ልጅ ሰጠሁት። እጁ አካፋ ነው፤ እስካሁን ይመርቀኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ማስመሪያ አንሣ። ከመሃል ጣትህ ጫፍ እስከ እጅህ አንጓ መታጠፊያ ለካ። በግምት ከ17 ሴንቲ ሜትር በታች ትንሽ እጅ ነው፣ ከ17 እስከ 19 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ትልቅ። ስፋቱንም አትርሳ፤ ብዙ ሰው ርዝመቱን ብቻ ለክቶ ይገዛና በስፋቱ ይሸወዳል።

ቀጥሎ አያያዝህን እወቅ። አንድ ጌም ተጫወትና ግጥሚያው በጦፈበት ሰዓት ድንገት እጅህን ተመልከት። (አስበህበት ስትይዘው ይዋሻል።) መዳፍህ በሙሉ ጀርባው ላይ ተኝቶ ከሆነ፣ ረዘም ያለና ጀርባው የሞላ ማውስ ይስማማሃል። የመዳፍህ ታችኛው ክፍል ብቻ ነክቶ ጣቶችህ እንደ ጥፍር ከታጠፉ፣ ጉብታው ወደ ኋላ የሆነውን ፈልግ። መዳፍህ ጭራሽ ሳይነካ በጣት ጫፍ ብቻ ከያዝከው ደግሞ አጭር፣ ዝቅ ያለና ቀላል ይሁን።

ቅርጾቹ በጥቅሉ ሁለት ናቸው። አንደኛው ለቀኝ እጅ ዘንበል ብሎ የተሠራ ነው፤ ከ2006 ጀምሮ በየጊዜው እየታደሰ የሚወጣው ራዘር ዴዝአደር ዋናው ምሳሌ ነው። ሁለተኛው ግራና ቀኙ እኩል የሆነው ነው፣ እንደ ሎጂቴክ ጂ ፕሮ። መዳፋቸውን ለሚያስተኙ የመጀመሪያው፣ ለሌሎቹ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይመቻል። ሕግ ግን አይደለም። የጓደኛህን ማውስ ለአንድ ምሽት ተውሰህ ብትጫወትበት ከሃያ ቪዲዮ የበለጠ ትማራለህ።

ጥያቄ፦ ገመድ አልባ ማውስ ይዘገያል ይላሉ። እውነት ነው?

ድሮ እውነት ነበር። ዛሬ የራሱ የዩኤስቢ ሪሲቨር (ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰካ ትንሽ መቀበያ) ያለው፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ጥሩ ጌም ማውስ ከባለ ገመዱ ለይተሽ አታውቂውም። ብሉቱዝ ግን ሌላ ነው። ለቢሮ ሥራ ይሁን፣ ለተኩስ ጌም አይሆንም።

አንድ ነገር ግን ልብ በዪ። ሪሲቨሩን ከኮምፒውተሩ ጀርባ፣ ዩኤስቢ 3 ወደቦች መሃል ሰክተሽ «ይቆራረጣል» እንዳትዪ። ዩኤስቢ 3 ራሱ በዚያው ሞገድ አካባቢ ይረብሻል። አብሮት የሚመጣውን ማራዘሚያ ተጠቀሚና ሪሲቨሩን ከማውሱ 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ላይ አስቀምጪው። «ተበላሽቷል» ተብለው ከመጡልኝ ማውሶች ስንቱ በዚህ ብቻ እንደዳነ!

ጥያቄ፦ 8000 ኸርዝ ፖሊንግ ሬት ያስፈልገኛል?

አያስፈልግህም። ፖሊንግ ሬት ማውሱ በሰከንድ ስንት ጊዜ ለኮምፒውተሩ ሪፖርት ያደርጋል ማለት ነው። ተራው የቢሮ ማውስ አብዛኛውን ጊዜ 125 ነው፤ በየ8 ሚሊሰከንዱ አንዴ። 1000 ከሆነ በየ1 ሚሊሰከንዱ ነው። ከ125 ወደ 1000 ስትሄድ 7 ሚሊሰከንድ አተረፍክ፤ ይሄ ይታወቃል። ከ1000 ወደ 8000 ስትሄድ ግን የምታተርፈው አንድ ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ ፕሮሰሰሩን ያደክማል፣ ባትሪውን ይጨርሳል። ደከም ባለ ኮምፒውተር ላይ ጭራሽ ጌሙን ሊያንቀጠቅጠው ይችላል።

ጥያቄ፦ ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ጎኑ ላይ 12 ቁልፍ ያለው ማውስ ግዢልኝ እያለ አስጨንቆኛል። ምን ይመክሩኛል?

እናቴ፣ ያ ማውስ ብዙ ትእዛዝ ለሚፈልጉ፣ በመቶ የሚቆጠር አስማትና መሣሪያ ላላቸው ጌሞች የተሠራ ነው። ትልቅና ከባድ ነው። የልጅ አውራ ጣት ሁሉንም ቁልፍ አይደርስባቸውም፤ ሳያስበውም ይጫናቸዋል። ትንሽ፣ ቀላል፣ ጎኑ ላይ ሁለት ቁልፍ ብቻ ያለውን ይግዙለት። እንደ ሎጂቴክ ጂ102 ያለው ለትንሽ እጅ ይሆናል፤ ክብደቱ 85 ግራም ነው። ባለ ገመድ ይሁን። ሪሲቨሩ ይጠፋል፣ ባትሪውም ጌሙ መሃል ያልቅና እንባ ይመጣል። መብራት ያለው ከሆነ ደግሞ 12 ቁልፉን ይረሳዋል።

ጥያቄ፦ አንዴ ስጫነው ሁለቴ ክሊክ ያደርጋል። ገና ዓመት አልሞላውም! ምንድነው ችግሩ?

ይህን የጠየቃችሁ ብዙ ናችሁ፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

በተለመደው ማውስ ከቁልፉ ሥር ስዊች የምትባል ትንሽ ሣጥን አለች። ውስጧ ቀጭን የብረት ቅጠል አለ። ስትጫን ቅጠሉ ጎብጦ ሌላ ብረት ይነካል፤ «ቀጭ» የሚለው እሱ ነው። ብረት ብረትን ሲመታ ደግሞ አንዴ ነክቶ ዝም አይልም። በጥቂት ሚሊሰከንድ ውስጥ ይነጥራል፤ ይነካል፣ ይለቃል፣ ይነካል። ማውሱ ይህን ስለሚያውቅ ከመጀመሪያው ንክኪ በኋላ ለአፍታ ጆሮውን ይደፍናል።

ጊዜ ሲሄድ ግን ቅጠሉ ይላላል፣ መነካኪያው ይቆሽሻል ወይም ይዝጋል። ንጥረቱ ይረዝማል። ማውሱ ጆሮውን ከከፈተ በኋላም ይቀጥላል። ያኔ አንዱን ክሊክ ሁለት ብሎ ይቆጥረዋል። ሌላም ምልክት አለው፤ ፋይል ይዘህ ስትጎትት መንገድ ላይ ይለቅብሃል።

ምን ታደርጋለህ? ዋስትናው ካላለቀ ቶሎ መልሰው። ካለቀ የማውሱን ሶፍትዌር ክፈትና ዲባውንስ የሚል ማስተካከያ (ጆሮውን የሚደፍንበት ጊዜ ማለት ነው) ካለው ትንሽ ከፍ አድርገው። ሁሉም ማውስ ይህ የለውም። ሦስተኛው መንገድ ስዊቹን መቀየር ነው። ስዊቹ ርካሽ ነው፤ የሚያስፈልግህ ካውያ፣ ሊድና ትዕግሥት ነው። ብሎኖቹ ብዙ ጊዜ ማውሱ ከሚንሸራተትባቸው፣ ከታች ከተለጠፉት ማንሸራተቻዎች ሥር ተደብቀዋል። መጀመሪያ ይህን ሳላውቅ ክዳኑን በጉልበት ከፍቼ ለሁለት ገምሼዋለሁ።

አዲስ የምትገዛ ከሆነ ኦፕቲካል ስዊች ያለውን እይ። እሱ በብረት ንክኪ ሳይሆን በብርሃን ነው የሚሠራው። ስትጫን ብርሃኑ ይቋረጣል ወይም ያልፋል፣ በቃ። የሚነጥር መነካኪያ ስለሌለው በዚህ ምክንያት ሁለቴ አይቆጥርም። አንዳንዱ ሰው ድምፁንና ስሜቱን አይወደውም፤ እኔ ለምጄዋለሁ። ካርቶኑ ላይ ያለው «50 ሚሊዮን ክሊክ» የሚለው ነገርስ? ስዊቹ ስንት ጊዜ ቢጫኑት እንደሚችል የሠሪው መለኪያ ነው እንጂ «ሁለቴ አይቆጥርም» የሚል ቃል ኪዳን አይደለም።

ጥያቄ፦ ቀላል ማውስ ይሻላል ወይስ ከበድ ያለ?

ተኩስ ጌም ከሆነ ቀላል። ድሮ 100 ግራም ማለፍ የተለመደ ነበር፤ ሎጂቴክ ጂ502 ባለ ገመዱ 121 ግራም ነው፣ ያውም መጨመሪያ ክብደት አብሮት እየተሸጠ! በ2020 የወጣው ጂ ፕሮ ኤክስ ሱፐርላይት ገመድ አልባ ሆኖ ከ63 ግራም በታች ነው። ማታ ሙሉ ስታነሣና ስታስቀምጥ ልዩነቱ ክንድህ ላይ ይታወቅሃል። የስትራቴጂ ጌም ወይም እግር ኳስ የምትጫወት ከሆነ ግን ስለ ግራም አትጨነቅ።

ሎጂቴክ ጂ304 ያላችሁ ደግሞ ይህን ስሙ። ከነባትሪው 99 ግራም የሚሆነው በአንዷ ደብል ኤ ባትሪ ምክንያት ነው። በምትኩ ትንሿን የሊቲየም ትሪፕል ኤ በአዳፕተር (ትንሿን ባትሪ በትልቋ ቦታ ልክ በሚያደርግ ማቀፊያ) ብትከቱለት ከ10 ግራም በላይ ይቀንሳል። ባትሪው ግን ቶሎ ያልቃል።

ጥያቄ፦ ጌሙ ውስጥ ሴንሲቲቪቲውን (የማውሱን ፍጥነት) ስንት ላድርግ? ጓደኛዬ «0.4 አድርግ» አለኝ።

የትኛው ጌም ላይ? በስንት ዲፒአይ? ያለ እነዚህ 0.4 ምንም አይነግርህም። 800 ዲፒአይ በ0.4 እና 1600 ዲፒአይ በ0.2 አንድ ናቸው። ጌም ከጌምም ይለያያል፤ የካውንተር ስትራይክን ቁጥር ወደ ቫሎራንት ስትወስድ ለ3.18 ማካፈል አለብህ።

የሚሻለው በሴንቲ ሜትር ማሰብ ነው። ገጸ ባሕርይህ አንድ ሙሉ ዙር እንዲዞር ማውሱን ስንት ትገፋለህ? ካውንተር ስትራይክ ላይ በ800 ዲፒአይና በ1 ሴንሲቲቪቲ 52 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቫሎራንት ላይ በ800 እና በ0.4 ወደ 41። ለጀማሪ ከ30 እስከ 50 ባለው ውስጥ ጀምር፤ ከዚያ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አትንካው። በተሸነፍክ ቁጥር ሴቲንግ የምትቀያይር ከሆነ እጅህ መቼም አይለምድም።

ዊንዶውስ ላይ ደግሞ «ኢንሃንስ ፖይንተር ፕሪሲዥን» የሚለውን አጥፋው። ስሙ ትክክለኛነት ይላል እንጂ ሥራው ማፋጠን ነው። ያው አንድ ርቀት፣ በፍጥነት ስትገፋው ብዙ፣ ቀስ ስትል ጥቂት ይሆናል። ጌሙ የማውሱን መረጃ በቀጥታ የሚወስድ ከሆነ ይህ አይነካውም፤ አንዳንዶቹ ግን ምርጫውን ለአንተ ነው የሚተዉት።

ጥያቄ፦ ማውሱን አንሥቼ ስመልሰው ጠቋሚው ይንሸራተታል።

ሴንሰሩ ከፍ ብሎም ማየቱን ስላላቆመ ነው። የቆየ ሲዲ ካለሽ ሞክሪው፤ ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር ነው። ማውሱን ሲዲው ላይ አድርጊና ሴንሰሩን በመሃሉ ቀዳዳ ላይ አስተካክለሽ አንቀሳቅሺው። በአንድ ሲዲ ጠቋሚው ከቆመ ግሩም ነው። በሁለትም ካልቆመ ሶፍትዌሩ ውስጥ የማንሻ ከፍታውን ዝቅ አድርጊ።

ጥያቄ፦ ግራኝ ነኝ። ተስፋ አለኝ?

አለህ፣ ግን ጠባብ ነው። «ግራና ቀኙ እኩል» የሚባሉት ብዙዎቹ የጎን ቁልፋቸው በግራ በኩል ብቻ ነው፤ ለአንተ ትንሿ ጣት ላይ ይወድቃል። በሁለቱም ጎን ቁልፍ ያላቸውን ፈልግ። የመጀመሪያው ራዘር ቫይፐርና ሎጂቴክ ጂ ፕሮ ዋየርለስ እንዲህ ናቸው።

ጥያቄ፦ ፓድ የግድ ነው? ጠረጴዛዬ መስታወት ነው።

በመስታወት ላይ የግድ ነው፤ አብዛኛው ሴንሰር መስታወት ላይ በትክክል አያይም። የጨርቅ ፓድ፣ ወደ 45 በ40 ሴንቲ ሜትር፣ ለመጀመሪያ ይበቃል። ሲቆሽሽ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና እጠበው፤ በደንብ ሳይደርቅ አትጫወትበት።

ጥያቄ፦ የቢሮ ማውስ ነው ያለኝ። ብጫወትበት ያስቃል?

ማንም አይስቅብህም። የሚያስቸግርህ ሲፈጥን ካልተከተለህ ነው። በፍጥነት ወደ ጎን ወርውረውና ወደ ነበረበት መልሰው፤ ጠቋሚው መነሻው አካባቢ ከተመለሰ ተጫወትበት። ሌላ ቦታ ከሄደ ወይም ጌሙ ውስጥ ወደ ሰማይ ካየ ገንዘብ ማጠራቀም ጀምር።

ጥያቄ፦ አንተ ራስህ የምትጠቀመው ምንድነው?

አራት ዓመት ያለፈው፣ ባለ ገመድ፣ አጭር ማውስ። የግራ ቁልፉ ከእጄ ላብ የተነሣ ያብረቀርቃል። ማንሸራተቻዎቹን አንዴ ቀይሬለታለሁ። ስክሮሉ አሁን አሁን ወደ ታች ስለው ወደ ላይ ይዘላል፤ ቅዳሜ እፈታዋለሁ።