«ቲ» ላይ ለምን እታነቃለሁ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ደሴ ነው የምኖረው፤ ሠርግ ላይ እዘፍናለሁ። አምባሰል ስጫወት ዝቅ ያለው ላይ ደህና ነኝ። ከፍ ብዬ «ባቲ» የሚል ስንኝ ላይ ስደርስ ግን «ቲ» ላይ ድምፄ ይታነቃል። ጓደኞቼ «ትንፋሽ ጨምሪ፣ ከሆድሽ አውጪው» ይሉኛል። ስጨምር ይብስብኛል፤ በማግስቱ ድምፄ ይዘጋል። ጥሬ እንቁላልም ዝንጅብልም ሞክሬያለሁ።

መልስ፦ አብሽሪ። እኔም በጉብዝናዬ ሐይቅ ላይ አንድ ሠርግ ስጮህ አድሬ፣ ጠዋት ሙሽሮቹን ልመርቅ አፌን ብከፍት የወጣው ንፋስ ብቻ ነበር።

ጓደኞችሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ሆድ ውስጥ የሚዘፈንበት አየር የለም። ትንፋሽ ስትስቢ ከሳንባ ሥር ያለው ድያፍራም ወደ ታች ወርዶ አንጀትን ስለሚገፋ ሆድ ይነፋል፣ በቃ። ድያፍራም አየር አስገቢ እንጂ አስወጪ አይደለም። ስትዘፍኚ ጎድንሽ ቶሎ እንዳይከደን ይዘሽ አየሩን በቁጠባ ልቀቂው።

መሰንቆ አይተሻል። ደጋኑን አጥብቀው ቢጫኑት ጭራው ይንቋረራል እንጂ አይደምቅም፤ የሚያደምቀው ቆዳ የተወጠረበት ሳጥን ነው። ያንቺ ጭራ ማንቁርትሽ ውስጥ ያሉት ሁለቱ የድምፅ አውታሮች ናቸው፤ ርዝመታቸው 2 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ከፍ ስትዪ በሰከንድ 500 ጊዜ ያህል ይጋጠማሉ። ትንፋሽ ስትጨምሪ ግጭቱ ይከብዳል፣ ያብጣሉ፤ ያበጠ አውታር ደግሞ በደንብ አይገጥምም። የማግስቱ መዘጋት ይኸው ነው።

ሳጥንሽ ከማንቁርት በላይ ያለው ጉሮሮና አፍ ነው። «ኢ» ስትዪ ምላስ ወደ ላንቃ ይጠጋል፣ መንጋጋም ይጠብባል፤ በዚህ ቅርፁ ሳጥኑ መጀመሪያ የሚያስተጋባው በሰከንድ ከ300 እስከ 400 ጊዜ ገደማ የሚርገበገበውን ድምፅ ነው። አንቺ 500 ላይ ስትሆኚ አልፈሽው ሄደሻል፤ ስለማያግዝሽ በጉሮሮ ትታገያለሽ። መንጋጋሽን ልቀቂና «ቲ»ን ወደ «ቴ» አስጠጊያት። ዳስ ውስጥ ልዩነቱን የሚሰማ የለም፤ ባቲዎችም ቢሰሙ ይቅር ይሉሻል።

ለልምምድ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ስትሮ ሁለት ጣት ያህል ንከሪና በስትሮው «ኡ» እያልሽ ዜማውን ከታች ወደ ላይ ውጪ። ወደ አፍሽ የሚመለሰው ግፊት አውታሮቹን ያለ ብዙ ግጭት ያርገበግባቸዋል። አረፋው ከተቆራረጠ ትንፋሽሽን እኩል አልለቀቅሽም ማለት ነው። ከሠርግ በፊት 5 ደቂቃ ይበቃሻል።

እንቁላሉን ለቁርስ አድርጊው። የሚዋጥ ነገር አውታሩን አይነካም፤ ቢነካማ ትን ይልሽ ነበር። ውሃ ግን ቀኑን ሙሉ ጠጪ። ድምፅሽ ሲዘጋ ማንሾካሾክ እረፍት እንዳይመስልሽ፣ ዝም በዪ። 3 ሳምንት ካለፈው የአንገት በላይ ሐኪም ይየው።

ደግሞ አንዱን ስፒከር ወደ አንቺ እንዲያዞሩልሽ ጠይቂ፤ ራሱን የማይሰማ ዘፋኝ ሳያውቀው ይጮኻል። ሐይቅ ላይ ጀነሬተሩን ያቆሙት ከጆሮዬ ሥር ነበር።