«ትራንስሚተሩን አንቺ ያዢው» ለተባለችው የአዘዞ ልጅ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከተሉን ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠው። ከቴክኒክና ሙያ በኤሌክትሮኒክስ ተመርቀሽ፣ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ የፎቶና ቪዲዮ ቤት በረዳትነት መሥራት ከጀመርሽ ሁለት ዓመት ሆኖሻል። «ጋሼ» የምትያቸው አለቃሽ ያገለገለ የቪዲዮ ትራንስሚተርና ሪሲቨር፣ ማለትም ምስልን ያለ ኬብል የሚልክና የሚቀበል ዕቃ፣ ከአዲስ አበባ ገዝተው መጡ። ለጥምቀት ከቀሃ፣ ከአጼ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር፣ በላይቭ የሚተላለፍ ሥራ ስለያዙ «ዋየርለሱን አንቺ ያዢው» አሉሽ። ባለፈው ወር ሰርግ ላይ ስትሞክሩት ግን ሙሽሮቹ ኬክ ሊቆርሱ ሲሉ ምስሉ ድርግም አለ፤ ወቀሳው በአንቺ ላይ ወረደ። ዕቃው ከተበላሸም ከደመወዝሽ እንደሚቆረጥ ተነግሮሻል። እናትሽ ደግሞ «ጨረሩ ይጎዳሻል» ብለው ሰግተዋል። እናም ትጠይቂያለሽ፦ ልያዘው ወይስ ሁሉንም ትቼ አዲስ አበባ ሥራ ልፈልግ?

ያዢው።

እንዲህ የምልሽ ሥራው ቀላል ስለሆነ አይደለም። ወደ ሙያ ምክር ከመግባቴ በፊት ለዓመታት ከቀረጻ ቡድን ጋር ኬብል ስጎትት ኖሬያለሁ። ካሜራ የሚይዝ ሰው ሞልቷል። «እዚህ ጋ ስንደርስ ምስሉ ይጠፋል፤ ሪሲቨሩን ወደዚያ እናዙረው» ብሎ አስቀድሞ የሚናገር ሰው ግን ጥቂት ነው። ያንን ሰው ባለሙያዎቹ ስልክ ቁጥሩን ይዘው ይፈልጉታል። አንቺ ኤሌክትሮኒክስ ተምረሻል፤ መሠረቱ አለሽ።

መጀመሪያ የሰርጉን ነገር እንፍታው፤ ልብሽን የሰበረው እሱ ስለሆነ። ሪሲቨሩን ከስፒከሩ ጎን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠሽው እንደነበር ጽፈሻል። ሰው ተቀምጦ ሳለ ምስሉ ደህና ነበር። ኬኩ ሲመጣ ግን አዳራሹ በሙሉ ተነስቶ ሙሽሮቹን ከበበ። ችግሩ ያ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች በብዛት የሚሠሩት በ5 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው። በዚያ ላይ ያለ ሞገድ ርዝመቱ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ነገር ከፊቱ ሲቆም ዞሮ ማለፍ ይከብደዋል። የሰው አካል ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ውሃ ይህን ሞገድ ይውጠዋል። ጠረጴዛ ከፍታ ላይ ባለው ሪሲቨርና በካሜራው መካከል መቶ ሰው ሲቆም የውሃ ግድግዳ ቆመ ማለት ነው። በዚያ ላይ ሁሉም ስልኩን አውጥቷል፤ ዋይፋይና ሆትስፖት ያንኑ አየር ይሻማል።

ስለዚህ ሪሲቨሩን ከሰው ጭንቅላት በላይ አውጪው። የመብራት ስታንድ ላይ አስረሽ ሁለት ሜትር ተኩል አድርሺው፤ እግሩ ላይ የአሸዋ ከረጢት ጣይበት። አንቴናዎቹ በሁለቱም በኩል ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ አንዱ ቆሞ ሌላው ከተጋደመ ሲግናሉ በከንቱ ይባክናል። የካሜራማኑንም አቋም ተመልከቺ። ትራንስሚተሩ ካሜራው ላይ ነው፤ ሪሲቨሩ ከኋላው ከሆነ የመጀመሪያው ግድግዳ የእሱ የራሱ ደረት ነው። ሪሲቨሩ እሱ ፊቱን ወደሚያዞርበት በኩል ወይም በጎን መሆን አለበት። ይህን ለካሜራማኑ መንገር የአንቺ ሥራ ነው፤ አትፈሪው።

አሁን ወደ ቀሃ እንምጣ። ከፋሲል ግቢ እስከ ጥምቀተ ባሕሩ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጋሼ «ታቦታቱን ከመንገድ ጀምሮ በዋየርለስ እናመጣለን» ብለው ቃል ገብተው ከሆነ ዛሬውኑ ንገሪያቸው፤ አይሆንም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው 120 ሜትር ወይም 150 ሜትር ምንም በማይጋርደው ሜዳ ላይ የሚገኝ ነው። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር የሚደርሰው ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል። እኔ ብሆን ሕዝብ ባለበት ቦታ ከተጻፈው ግማሹን እንኳ አላምንም። የመንገዱ ጉዞ ካሜራው ካርድ ላይ ይቀረጽ፤ ላይቩ የጥምቀተ ባሕሩ ግቢ ውስጥ ይሁን። ሲም ካርዶችን አጣምሮ በሞባይል ኔትወርክ የሚልክ መሣሪያ አለ፤ እሱ ሌላ ዕቃ ነው፤ ያም ቢሆን ሕዝቡ ሁሉ ስልክ በሚያወጣበት ሰዓት ይጨናነቃል።

ግቢው ውስጥም ቢሆን ድንጋዩ ወፍራም ነው። ሥራቸው አጥሩን አቅፎ የያዘውን እነዚያን ትልልቅ ዛፎች ታውቂያቸዋለሽ። ለዓይን ውበት ናቸው፤ ለ5 ጊጋኸርዝ ግን እርጥብ ቅጠል መጋረጃ ነው። ስዊቸሩ (ከካሜራዎቹ የሚመጣውን ምስል እየመረጠ የሚያሳልፈው መሣሪያ) ያለበት ድንኳን ከግንቡ ውጪ ከሆነ፣ ሪሲቨሩን ድንኳኑ ውስጥ አታስቀምጪው። ካሜራውን ዓይን ለዓይን የሚያይበት ቦታ ፈልገሽ አቁሚውና ከዚያ እስከ ድንኳኑ ኬብል ዘርጊ። ለዚህ ኤስዲአይ የሚባለው የባለሙያ ቪዲዮ ኬብል ይሻልሻል፤ ጥሩ የኤስዲአይ ኬብል የኤችዲ ምስል ብዙ አስር ሜትሮች ድረስ ያደርሳል። ተራ ኤችዲኤምአይ ግን ከ10 እስከ 15 ሜትር ካለፈ ማስቸገር ይጀምራል። ኬብሉ ሰው በሚያልፍበት መሬት ላይ ከሆነ በቴፕ ለጥፊው፤ ካህናቱ በዚያ ያልፋሉ፤ እናቶችም በጨለማ ይመጣሉ። የት መቆም እንደሚፈቀድ ደግሞ ከበዓሉ አስተባባሪዎች ጋር ቀደም ብላችሁ ተነጋገሩ።

ሌላም ከባድ ነገር አለ። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት እዚያው ጎንደር ላይ የእንጨት መቀመጫ ማማ ተደርምሶ የሰው ሕይወት አልፏል። ስለዚህ ሪሲቨሩን ከፍ ለማድረግ ስትይ ሰው የተጫነበት የእንጨት ማማ ላይ አትውጪ፤ ዕቃም አትሰሪበት። የብረት ዘንግም ስታቆሚ ቀና ብለሽ የመብራት ሽቦ መኖሩን እዪ። ምስል ይቅር።

ጥር 10 ከተራ ላይ፣ ሕዝቡ ባለበት ሰዓት፣ ቻናሎቹን አንድ በአንድ ፈትሺ። ባዶ ግቢ ውስጥ ንጹሕ የነበረ ቻናል ሕዝብ ሲገባ ሌላ ነው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች የአየሩን መጨናነቅ የሚያሳይ ስካን አላቸው። ሁለተኛ ቻናልም አዘጋጅተሽ ያዢ።

ያገለገለ ዕቃ ስለሆነ አንድ ነገር ቶሎ ልንገርሽ፦ መሣሪያው ውስጥ ያለው የሀገር ምርጫ ለሌላ ሀገር ተስተካክሎ ሊሆን ይችላል። በ5 ጊጋኸርዝ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ቻናሎች ከአየር ሁኔታ ራዳሮች ጋር የሚጋሩ ናቸው። በእኛ ሀገር የሬዲዮ ሞገድን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ጋሼ ሞዴሉ በባለሥልጣኑ የጸደቀ መሆኑን ያረጋግጡ። ኃይል የሚጨምር ቡስተር እንግጠምበት የሚል ካለ እምቢ በዪ።

አሁን ደግሞ የእጅ ሥራው። ይህን በቃል እስክትይዢው ቤት ውስጥ ደጋግሚው። መጀመሪያ አንቴና፣ ከዚያ ፓወር። አንቴና ሳይጠብቅ ከበራ ኃይሉ መውጫ አጥቶ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የትራንስሚተሩን ማጉያ ሊያቃጥለው ይችላል። ኤስዲአይ የምትጠቀሚ ከሆነ ፓወሩን ሰክተሽ፣ አብርተሽ፣ ከዚያ በኋላ ነው ኤስዲአዩን የምትሰኪው። ስትፈቺ በተቃራኒው፣ ኤስዲአዩን መጀመሪያ ንቀዪ። ምክንያቱን ካወቅሽው አትረሺውም፦ የፓወር ኬብሉ ኔጌቲቭ በደንብ ካልገባ ኮረንቱ መመለሻ ፍለጋ በኤስዲአዩ ኬብል መከለያ በኩል ይሄዳል፤ የካሜራው ሰሌዳ በአንድ ብልጭታ ይሞታል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ድምፅ የለውም፣ ጭስ የለውም። የካሜራው መውጫ ዝም ብሎ እምቢ አለ፤ የጥገናው ገንዘብም ለወራት ሲያነታርክ ቆየ።

የካሜራው ኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ደካማ ነው። ኬብሉን ካሜራው አካል ላይ በክላምፕ እሰሪው፤ ክብደቱ ቀዳዳው ላይ አይንጠልጠል። ካሜራውና ስዊቸሩ በአንድ የፍሬም ቁጥር (በሰከንድ በሚያልፈው የምስል ብዛት) ይግጠሙ፤ 25 ከሆነ ሁሉም 25። እንደዚህ ያለ መሣሪያ የአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ሊዘገይ ይችላል፤ በ25 ፍሬም ሁለት ፍሬም ተኩል ማለት ነው። በኬብል የመጣው ካሜራና ድምፁ ይቀድሙታል። እጅሽን ካሜራው ፊት አጨብጭበሽ ፈትሺና ስዊቸሩ ላይ ድምፁን አዘግዪው። ምንም ይሁን ምን ካሜራው ካርዱ ላይ ይቅረጽ። ዋየርለሱ ቢጠፋ ላይቩ ይቋረጣል እንጂ ቀረጻው አይጠፋም።

ባትሪ። ትልቁ የሶኒ ኤንፒ-ኤፍ 970 ዓይነት 47 ዋት ሰዓት አካባቢ ይይዛል። መሣሪያሽ 10 ዋት ከበላ በወረቀት ላይ አራት ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ ያረጀ ባትሪ ግን ያንን አይሰጥሽም። ቤት ውስጥ አብርተሽ እስኪጠፋ ሰዓት ያዢ፤ ቁጥሩንም ባትሪው ላይ ለጥፊው። ያበጠ ባትሪ አትሰኪ፤ ለጋሼ አሳይተሽ ከሥራ ይውጣ። ቻርጅ ላይ ጥለሽ አትተኚ። ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር በአንድ ኪስ አትክተቺው። መብራት ከሄደ ሪሲቨሩም እንዳይጠፋ እሱንም በባትሪ አስነሺው።

ጠዋት ውሃው ሲባረክና ወጣቱ ወደ ገንዳው ሲዘል ውሃ ይረጫል። ለሰው ጸበል ነው፤ ለትራንስሚተሩ ግን ውሃ ነው። ላስቲክ አዘጋጂ፤ ግን ማናፈሻውን አትድፈኚው። እነዚህ ዕቃዎች በጣም ይሞቃሉ፤ በላስቲክ ተጠቅልለው ፀሐይ ላይ ከዋሉ ራሳቸውን ያጠፋሉ።

ለእናትሽ እንዲህ በዪልኝ። «እማዬ፣ ይህ ሐኪም ቤት እንደሚነሱት ራጅ ዓይነት ጨረር አይደለም። እንደ ቤት ዋይፋይ ያለ የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ ኃይሉም አነስተኛ ነው።» ጥንቃቄ ግን አለው፤ እሱንም አትደብቂያቸው። የብዙ መሣሪያዎች መመሪያ ሲሠራ ከሰውነት ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ይራቅ ይላል። እንግዲያው የበራ ትራንስሚተር ጀርባሽ ላይ በቦርሳ አትሸከሚ፤ ደረትሽ ላይም አትታቀፊው። ካሜራው ጫፍ ላይ ወይም ዘንግ ላይ ይሁን። ሥራ ሲያልቅ አጥፊው። እናት በስጋቷ አትወቀስም፤ አንድ ቀን ሱቅ ወስደሽ አሳዪያቸው።

ወደ ክፍያው ልሂድ። «ከደመወዝሽ ይቆረጣል» የተባልሽው ነገር እንዲሁ በአፍ የሚያልፍ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ በቀር ከደመወዝ አይቆርጥም። ቢቆርጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም። ስለዚህ ያላነበብሽው ወረቀት ላይ አትፈርሚ። ጋሼን በአክብሮት፣ ሻይ ይዘው በተቀመጡበት ሰዓት አነጋግሪያቸው። «ኃላፊነቱን እወስዳለሁ፤ ነገር ግን የበዓሉ ቀን አበል ከረዳትነቱ ተለይቶ ይታይልኝ። ዕቃውን ስረከብም ያለበትን ሁኔታ አብረን እንጻፈው» በያቸው። ያገለገለ ዕቃ ነው፤ ቀድሞ የነበረው ጭረትና የላላ ቀዳዳ በአንቺ ስም መመዝገብ የለበትም። ርክክቡን በስልክሽም ፎቶ አንሺው።

አዲስ አበባውን በተመለከተ፣ አሁን ብትሄጂ «ሁለት ዓመት ረዳት ነበርኩ» ብለሽ ነው የምትሄጂው። ከዚህ ሥራ በኋላ ግን የምታሳዪው ነገር ይኖርሻል። አንድ ደብተር ግዢ። ለእያንዳንዱ ሥራ ቦታውን፣ ርቀቱን፣ ቻናሉን፣ ሪሲቨሩ የቆመበትን ከፍታ፣ ምስሉ የጠፋበትን ሰዓትና ምክንያቱን ጻፊ። የሰርጉንም ጻፊው፤ የመጀመሪያው ገጽ እሱ ይሁን። እኔ ሠራተኛ በምመርጥበት ጊዜ ከሰርተፍኬት ቀጥሎ የማየው እንዲህ ያለ ደብተር ነበር። ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘናውን) ካልወሰድሽ ውሰጂ። ከጥምቀት በኋላ ደግሞ የኔትወርክ ትምህርት ጀምሪ፤ ቪዲዮው ሁሉ ወደ ኔትወርክ እየገባ ነውና ስለ አይፒ አድራሻና ስለ ራውተር የማታውቂ ከሆነ ከሁለት ዓመት በኋላ ትቸገሪያለሽ። ጎንደር ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ምረቃ አለ፣ ስብሰባ አለ፣ ሰርግ አለ። ባሕር ዳር ላይም አሚኮ፣ የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን፣ አለ። መሄዱ ካስፈለገ ያኔ ትሄጃለሽ።

ጥምቀት ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የመጀመሪያውን ሳምንት ቤት ውስጥ በመግጠምና በመፍታት አሳልፊው። ሁለተኛውን ቀሃ ሄደሽ በርምጃ እየለካሽ። ሦስተኛው ላይ ካሜራማኑን ይዘሽ ሙሉ ልምምድ አድርጉ። የግቢውን ንድፍ በእጅሽ ሥዪና ሪሲቨሩ የት እንደሚቆም ምልክት አድርጊበት፤ ፎቶውን ላኪልኝ፤ ከከተራ በፊት አይቼ እመልስልሻለሁ።