ቀጥ አድርጌ የሣልኩት ወለል

ባለፈው ሳምንት ከሥነ ሕንጻ ትምህርት ገና የተመረቀች ልጅ ጻፈችልኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ ሕንድ፣ ቡባኔሽዋር ወደምትባል ከተማ ልትሄድ ነው። «ጋሼ፣ እዚያ ኮረብታ ላይ ያሉትን የጃይን ዋሻዎች ፎቷቸውንም ቪዲዮአቸውንም አይቼ ጨርሻለሁ። ጊዜ ወስጄ ብሄድ ምን ይጨምርልኛል?» ትላለች። ጃይን ጥንታዊ የሕንድ ሃይማኖት ነው። ጥያቄዋ በአክብሮት ነው የመጣው፤ እኔን ግን ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። ለእሷ ብቻ መመለስ ስችል ለሁላችሁም የምጽፈው፣ ነገሩን ይህን ሁሉ ዓመት ለማንም ሳልናገረው ስለኖርኩ ነው።

ወደ እነዚያ ዋሻዎች የሄድኩት በ1985 ዓ.ም. ነበር። ያኔ ደልሂ እማር ነበር። መምህራችን አንድ ጥንታዊ ሕንጻ መርጠን፣ በእጃችን ለክተን፣ ፕላኑንና ሴክሽኑን፣ ማለትም ሕንጻው ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ ከጎን ሲታይ የሚያሳየውን ሥዕል፣ ሠርተን እንድናቀርብ አዘዙን። ጓደኞቼ በየአቅራቢያቸው ያለውን መቃብርና ምሽግ መረጡ። እኔ ግን ላሊበላ ካለበት አገር የመጣሁ ነኝ፤ ከአለት የተፈለፈለ ነገር ከእኔ በላይ ማን ያውቃል ብዬ ከአንድ ቀን በላይ በባቡር ተጉዤ ያኔ ኦሪሳ ትባል ወደነበረችው ግዛት ወረድኩ። ያ ትምክህት ነው በኋላ ዓይኔን የጋረደው።

ቦታው ከከተማው መሀል ወደ ምዕራብ ስድስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ኮረብታዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ የመኪናው መንገድ በመካከላቸው ያልፋል። ኡዳያጊሪ፣ የፀሐይ መውጫ ኮረብታ ማለት ነው፣ 18 ዋሻዎች አሉት፤ ካንዳጊሪ ደግሞ 15። ድንጋዩ አሸዋማ ነው። ለመሮ ይታዘዛል፣ ለዝናብም እንዲሁ ይታዘዛል፤ ስለዚህ ሁለት ሺህ ዓመት ያለፈው ቅርጽ ጠርዙ ተበልቶ፣ የሰዎቹ ፊት ደብዝዞ ነው የምታገኙት። አንዱ ዋሻ በሩ እንደ ነብር አፍ ተደርጎ የተፈለፈለ ነው፤ ባግ ጉምፋ ይሉታል።

ሃቲ ጉምፋ፣ የዝሆን ዋሻ በሚሉት ግንባር ላይ ብራህሚ በተባለው ጥንታዊ የሕንድ ፊደል የተቀረጸ 17 መስመር ጽሑፍ አለ። የዚያ አካባቢ ጥንታዊ መንግሥት የካሊንጋ ንጉሥ የነበረው ካራቬላ የዘመኑን ሥራ በየዓመቱ እየቆጠረ ያስጻፈው ነው። በነገሠ በመጀመሪያው ዓመት የሠራሁት ብሎ የሚያነሣው ጦርነት አይደለም፤ በዐውሎ ነፋስ የተጎዱትን የከተማውን በሮችና ቅጥሮች መጠገኑን ነው። መጨረሻ ላይ ራሱን የሁሉም እምነት አክባሪ፣ የቤተ መቅደሶች ሁሉ ጠጋኝ ብሎ ይጠራል። ዕድሜዬን በጥገና ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ይህን ሳስብ ዛሬም ልቤ ይሞቃል። ያን ቀን ግን ቀና ብዬ እንኳ በቅጡ አላየሁትም። ለቁም ነገር የቆጠርኩት ልኩን ብቻ ነበር።

የምለካው ራኒ ጉምፋን ነበር፣ የንግሥቲቱ ዋሻ። ፎቅና ምድር ሆኖ ግቢውን በሦስት ወገን ከቦታል። ከበሮቹ በላይ ዝሆኖች፣ ሙዚቀኞች፣ የምትጨፍር ሴት ተቀርጸዋል። ክፍሎቹ ግን ጌጥ የላቸውም። ሰው ቀጥ ብሎ አይቆምባቸውም፤ የሚገባው በእንብርክክ ነው። የተፈለፈሉት ለመነኮሳት ነው። የጃይን መነኮሳት በባዶ እግራቸው ከአገር አገር ይዞራሉ፤ በክረምቱ አራት ወር ግን፣ በእርጥቡ መሬት ላይ የሚፈላውን ነፍሳት ላለመርገጥ ብለው አንድ ቦታ ይቀመጣሉ። ይህን አንብቤ ነው የሄድኩት። አውቀው ነበር ማለቴ ነው።

በውኃ ልክ ስለካው የክፍሉ ወለል ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ሲጠጋ ከፍ ይላል። ሁለተኛውን ለካሁ፤ እንደዚያው ነው። ተናደድኩ። አንድ ሽማግሌ ጥበቃ ከጠዋት ጀምሮ መጥረጊያውን ይዞ በዝምታ ይከተለኝ ነበር። ሜትሬን ደጋግሜ ስዘረጋ አየና ጎንበስ ብሎ ወለሉን በእጁ መታ መታ አደረገው። ሁለት መዳፉን አጋጥሞ ከጉንጩ ሥር አደረገ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ወደ እኔ ጠቆመ፣ ወደ ወለሉም ጠቆመ። ቋንቋውን አላውቅም። ደክሞኛል፣ የሻይ ስጠኝ የሚል መሰለኝ። ደገመልኝ። ነጭ ሸሚዝ ነበር የለበስኩት፤ ባቡሬ የሚነሣው ማታ ነው፤ ገና ያልለካሁት ፎቅ አለ። ጥቂት ሩፒ በእጁ አስጨበጥኩት። ሩፒውን አየ፣ እኔን አየኝ፤ ከዚያ መልሶ በእጄ አኖረልኝና መጥረጊያውን አንሥቶ ሄደ።

ደልሂ ተመልሼ ሴክሽኑን ስሠራ ወለሉን ቀጥ አድርጌ ሣልኩት። ከሥሩም «ወለሉ በጠራቢዎቹ ስህተት የተዛባ በመሆኑ በሥዕሉ ላይ ተስተካክሏል» ብዬ ጻፍኩ። ከክፍላችን ከፍተኛውን ውጤት አገኘሁበት።

እናቴ ያረፈች ጊዜ፣ ከዚያ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ ጎጃም ለለቅሶ ወርጄ ባደግሁበት ቤት አደርኩ። እንግዳው ብዙ ስለነበር አልጋውን ለሽማግሌዎች ለቅቄ መደቡ ላይ ተኛሁ። ያን መደብ እናቴ በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ሲደርስ በጭቃና በእበት ትለቀልቀው ነበር፤ እኔ ውኃ አቀብላት ነበር። ራስጌውን ስትለቀልቅ ሁልጊዜ በመዳፏ ጀርባ ታለሰልሰው ነበር፣ ጉንጫችንን እንዳይሻክረን። በጨለማ እጄ ያን ከፍ ያለ ራስጌ ዳሰሰ። ብድግ ብዬ ተቀመጥኩ። የእነዚያ ዋሻዎች ከፍ ያለው ወለልም ራስጌ ነበር። መነኩሴው ትራስ የለውምና ጠራቢው ትራሱን ከአለቱ አውጥቶለታል። ሽማግሌው ደግሞ «ተኛበትና እየው» ነበር ያለኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ዓይነት ራስጌ ላይ ተኝቼ ያደግሁ ልጅ፣ ስህተት ነው ብዬ አስተካከልኩት።

አዲስ አበባ ስመለስ የድሮ ፎቶዎቼን ፈለግሁ። በአንዱ ጥግ ላይ ሽማግሌው ጎንበስ እንዳለ፣ እጁ ወለሉ ላይ እንዳረፈ ወጥቷል። ሆን ብዬ አላነሣሁትም።

የዛሬ ወጣቶች በብዙ ነገር ከእኛ ትበልጣላችሁ። ያላወቃችሁትን መጠየቅ አያሳፍራችሁም፤ በእኛ ጊዜ ያሳፍር ነበር። ነገር ግን የምትጠይቁት ስልካችሁን ነው። ጥገና ቦታ ላይ ጥበቃውን እንደምን ዋሉ ሳይሉ አልፈው የሚገቡ ጎበዝ መሐንዲሶች አያለሁ፤ ያመኛል። ያ ሰው ጣሪያው በየትኛው ወር እንደሚያንጠባጥብ ያውቃል። ከዚያ በኋላ በሠራሁባቸው ቦታዎች ሁሉ ቀድሜ የማናግረው ጥበቃውን፣ ካህኑን፣ የምትጠርገውን ሴት ነው። ወደምጠግነው ቤት ስገባ መጀመሪያ እቀመጣለሁ፤ የሚተኛበት ከሆነ እተኛለሁ። ሥዕሉን እርሙልኝ ብዬ ግን እስከ ዛሬ ወደ ተማርኩበት ቦታ አልጻፍኩም። ምክንያት የለኝም።

ስለዚህ ልጄ፣ ሂጂ። ስለ ውኃው፣ ስለ ጫማው፣ ቁርስ ስለሚነጥቁት ጦጣዎች ሌላው ይነግርሻል። በመጀመሪያው ቀን ስልክሽን ከቦርሳ አታውጪ። ወይም አውጪና አንሺ፤ እኔን ያጋለጠኝ ፎቶ ነውና እንዴት እከለክልሻለሁ? ብቻ የራኒ ጉምፋ ጥበቃ ማንም ይሁን ማን፣ ቀድመሽ ሰላም በይልኝ። ከዚያ በምድሩ ቤት ከሚከፈቱት ክፍሎች ወደ አንዱ ግቢ፣ ራስሽን ከፍ ባለው በኩል አድርገሽ ተኚ። እዚያ ተኝቶ በበሩ ሲያዩ ሰማይ ይታይ፣ ግቢው ይታይ፣ ወይስ የሚያልፍ ሰው እግር ብቻ፣ እኔ አላውቅም። ያየሽውን ጻፊልኝ።