ለቪአር ግራፊክስ ካርድ ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ይቺን አንብቡ

ሰላም ወገን፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ሰሞኑን "ለቪአር የቱን ግራፊክስ ካርድ ልግዛ" እያለ የሚደውልልኝ ሰው በዝቷል (ቪአር ማለት ዓይናችሁ ላይ በምታስሩት መነጽር፣ በሄድሴቱ፣ ጌሙ ውስጥ የገባችሁ ያህል የሚያሳያችሁ ነው፣ ግራፊክስ ካርድ ደሞ ስዕሉን የሚሠራው የኮምፒውተሩ ክፍል)፣ ከሲያትልም አለ፣ ከፍራንክፈርትም አለ፣ ዱባይ ያለ የአክስቴ ልጅም አለ፣ ለእያንዳንዱ የግማሽ ሰዓት ቮይስ ከምልክ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። ባለሙያ ነኝ አልልም፣ ማታ ሥራ ገብቼ ቀን የምተኛ፣ ቨርጂኒያ ቤዝመንት ተከራይቼ የምኖር ሰው ነኝ፣ ግን እዚ ነገር ላይ ብሬን አቃጥዬ ስለተማርኩ እናንተ እንዳትደግሙት።

የተማርኩት ደሞ በእማዬ ነው። ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ የመጣች ጊዜ አዲስ ካርድ ገዝቼ ሞቅ ብሎኝ ስለነበር "ነይ ባሕር ውስጥ ላስገባሽ" ብዬ ሻሿን አስፈትቼ ሄድሴቱን አደረግኩላት። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ የሶፋውን ጠርዝ ጨምድዳ ይዛ "ኧረ አውልቅልኝ ልጄ፣ ቤቱ ዞረብኝ" አለች፣ ከዛ ጋደም ብላ ሎሚ ስታሸት አመሸች። እኔ በዕድሜዋ አሳበብኩ። ኮምፒውተሩ ላይ አማካዩ በሰከንድ 78 ፍሬም፣ ማለትም 78 ስዕል፣ ይላል እኮ፣ 78 ምን ይወጣለታል ብዬ።

ችግሩ እዛችው ቁጥር ውስጥ ነበር። ሄድሴቴ 90 ሄርትዝ ላይ ነው የሚሠራው፣ በሰከንድ 90 ስዕል ይፈልጋል ማለት ነው፣ ስለዚ ካርዱ የሁለቱንም ዓይን ስዕል ሠርቶ ለማስረከብ ያለው ጊዜ 11.1 ሚሊሰከንድ ነው። 12 ከፈጀበት ታክሲው ሄዷል፣ ቀጣዩን ይጠብቃል። ሶፍትዌሩ ደሞ ጉዱን ለመሸፈን ጌሙን ወደ 45 ያወርደውና መሀል መሀሉ ላይ በግምት የሠራውን ስዕል ይሰካበታል። ሞኒተር ላይ ቢሆን ቆረጥ ቆረጥ ይላል እንጂ ማንም አይታመምም፣ እዚ ግን ጭንቅላታችሁ ዞሮ ዓለሙ ዘግይቶ ሲከተል ዓይናችሁና ጆሯችሁ ውስጥ ያለው ሚዛን ይጣላሉ፣ ሎሚ የሚፈለገው ያኔ ነው። እና አማካይ ፍሬም የሚባለውን እርሱት፣ የምትፈልጉት የማያረፍድ ካርድ ነው፣ ሰኞ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ገብቶ ማክሰኞ የሚያረፍድ ሠራተኛ ለሺፍት አይሆንም አይደል።

ሁለተኛው የተሸወድኩበት ማስታወቂያው ነው። አዲሶቹ ካርዶች "እጥፍ ፍሬም" የሚሉት ፍሬም ጄነሬሽን የሚባለውን፣ በእውነተኞቹ ስዕሎች መሀል ካርዱ በግምት የሚሠራቸውን ስዕሎች የሚጨምረውን፣ ከፍተው ነው፣ የኤንቪዲያው ፍሬም ጄነሬሽን ደሞ ቪአር ላይ አይሠራም። እኔ ያን ግራፍ አይቼ ነው 8 ጂቢ ሚሞሪ ያለው ካርድ አቅፌ የገባሁት።

ሂሳቡን እዩትማ። የሜታው ክዌስት 3 ሄድሴት ስክሪን ለአንድ ዓይን 2064 በ2208 ነው፣ ሁለቱ ሲደመሩ 9.1 ሚሊዮን ፒክስል፣ 4ኬ ቲቪ 8.3 ሚሊዮን ነው ያለው። በዛ ላይ ሌንሱ ስዕሉን ስለሚያጣምመው ለማካካሻ ከስክሪኑ በላይ አስፍቶ ነው የሚሠራው። 8 ጂቢ ለቀላል ጌም ይበቃል፣ ቢት ሴበር ለሚጫወት ልጅ ይበቃል፣ ፍላይት ሲሙሌተር ወይ ሰው የሞላበት ቪአርቻት ሲሆን ግን ሚሞሪው ሞልቶ ወደ ኮምፒውተሩ ራም መፍሰስ ሲጀምር ነው ማረፈዱ የሚመጣው። ስለዚ 12 ጂቢ መነሻ ይሁን፣ አቅም ካለ 16። አዲስ ከሆነ የኤንቪዲያው አርቲኤክስ 5070 ቲአይ ወይም የኤኤምዲው አርኤክስ 9070 ኤክስቲ፣ ሁለቱም 16 ጂቢ ናቸው። ጠበብ ካለ ሰው የተጠቀመበት አርቲኤክስ 4070፣ 12 ጂቢ ሆኖ 200 ዋት ብቻ ነው የሚበላው፣ ለኔ በጣም ሚዛናዊው እሱ ነው። ላፕቶፕ ይሻለኛል ለምትሉ ደሞ፣ ስሙ አንድ ስለሆነ አትሸወዱ፣ ላፕቶፕ ላይ ያለው 4070 8 ጂቢ ነው ያለው፣ ሌላ ካርድ ነው በሉት።

ከሰው ስትገዙ ቤቱ ሄዳችሁ ሲሠራ እዩት፣ ሀያ ደቂቃ ከባድ ጌም አስከፍቱት፣ ፋኑ ቢንጫጫ፣ ስዕሉ ላይ ነጠብጣብ ብልጭ ብልጭ ቢል "አመሰግናለሁ" ብላችሁ ውጡ፣ ሐበሻ ነን ብላችሁ እንዳትተፋፈሩ። አውሮፓ ያላችሁ ታድላችኋል፣ ከሱቅ በኦንላይን የገዛችሁትን ደርሷችሁ በ14 ቀን ውስጥ ምክንያት ሳትሰጡ መመለስ ትችላላችሁ፣ እዚ አሜሪካ እንደየሱቁ ፖሊሲ ነው፣ ደረሰኝ ላይ ያለችውን ትንሿን ጽሑፍ አንብቡ።

እንደኔ ቤዝመንት የምትኖሩ ደሞ ካርዱን ከመሳደባችሁ በፊት ዋይፋዩን እዩ። ክዌስት የዲስፕሌይ ፖርት ኬብል አይቀበልም፣ ካርዱ ስዕሉን እንደ ቪዲዮ አምቆ በዩኤስቢ ወይ በዋይፋይ ነው የሚልክለት። የአከራያችሁ ራውተር ላይኛው ፎቅ ሳሎን ከሆነ በሁለት ግድግዳና በአንድ ፎቅ አልፎ የሚመጣ ስዕል ምን እንደሚመስል አስቡት። የራሳችሁን ራውተር ግዙ፣ ኮምፒውተሩን በላን ኬብል እሱ ላይ ሰኩ፣ ሄድሴቱን ብቻ በ5 ጊጋሄርትዝ ዋይፋይ አገናኙት፣ እናንተ ያላችሁበት ክፍል ውስጥ ይሁን። የኢንተርኔት ፍጥነት አይደለም ጉዳዩ፣ ስዕሉ ከቤታችሁ አይወጣም። ያን ቪዲዮ ኤቪ1 በሚባለው የማመቂያ ዘዴ ማመቅ የሚችሉት ከኤንቪዲያ ከአርቲኤክስ 40ዎቹ፣ ከኤኤምዲ ከአርኤክስ 7000ዎቹ ጀምሮ ያሉት ናቸው፣ ክዌስት 3 ያነበዋል፣ ክዌስት 2 አያነበውም።

አሁን ወደ ማስተካከሉ። ብዙ ልጅ ካርድ እንደገዛ የሚሮጠው ወደ ኦቨርክሎክ ነው፣ ካርዱን ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ወደ ማስሮጥ፣ ለቪአር ግን ማጦዝ ሳይሆን ማብረድ ነው የሚጠቅመው። እኔ በመጨረሻ የያዝኩት ያገለገለ አርቲኤክስ 3080 ነው፣ 10 ጂቢ ስለሆነ በራሴ ምክር ብሄድ አልገዛውም ነበር፣ ዋጋው አጓጉቶኝ ነው። 320 ዋት ይበላል፣ በዊንተር ሂተር ይተካልኛል፣ ጁላይ ላይ ግን በካናቴራ ቁጭ ብዬም አልቻልኩትም። ካርዱ የዋት ጣሪያው ጋ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ መልሶ ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ ያቺ መዋዠቅ ናት አንዳንዷን ስዕል የምታስረፍደው። ስለዚ አንደርቮልት አደረግኩት፣ ባነሰ ቮልቴጅ እንዲሠራ ማድረግ ነው። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባለውን የካርድ ማስተካከያ ፕሮግራም ትከፍታላችሁ፣ ኮንትሮልና ኤፍን አንድ ላይ ስትጫኑ የቮልቴጅና የፍጥነት መስመር ይመጣል። 850 ሚሊቮልት ላይ ያለችውን ነጥብ ወደ 1800 ሜጋሄርትዝ ሳብኳት፣ ከሷ በስተቀኝ ያሉትን በሙሉ ከሷ በታች አወረድኩና አፕላይ አልኩ፣ መስመሩ እዛ ጋ ሲደርስ እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ ይሆናል። ከ320 ወደ 250 ዋት አካባቢ ወረደ፣ ጌሙ ውስጥ ልዩነቱን አላየሁትም፣ ፋኑ ግን ዝም አለ። ይሄ ቁጥር የኔ ካርድ ነው፣ ሌላ ሞዴል ላይ እንዳለ እንዳትገለብጡት፣ ያው ሞዴል ሆኖ እንኳን ካርድ ከካርድ ይለያያል። የ5 ደቂቃ ቤንችማርክ አልፏል ብላችሁም አትመኑት፣ 40 ደቂቃ ከባዱ ቦታ ላይ ተጫወቱ፣ ሄድሴቱ ድንገት ከጠቆረባችሁ 15 ሜጋሄርትዝ ቀንሱና እንደገና።

ከዛ ስቲምቪአር ውስጥ፣ ጌሙን ከሄድሴቱ ጋር በሚያገናኘው ፕሮግራም፣ ሬዞሉሽኑን አውቶ የሚለውን አጥፉና 100 ፐርሰንት ላይ አድርጉት፣ የፍሬም ታይሚንግ ግራፉን ክፈቱ። ግራፉ ፕሮሰሰሩንና ካርዱን ለየብቻ ያሳያችኋል፣ የሚያረፍደው ፕሮሰሰሩ ከሆነ አርቲኤክስ 5090 ብትገዙም አያድናችሁም፣ ብዙ ሰው እዚ ጋ ነው ብሩን የሚደፋው። ካርዱ ከሆነ ወደ 9 ሚሊሰከንድ እስኪወርድ ጥላና ነጸብራቅ የሚሉትን ቀንሱ፣ ከዛ ሬዞሉሽኑን በአስር አስር ፐርሰንት አውርዱ። 11 ላይ ጠርዝ ይዞ መቆም አይሆንም፣ አንድ ፍንዳታ ሲመጣ ይዘለዋል። አሁንም እምቢ ካለ ሄድሴቱን ወደ 72 ሄርትዝ አውርዱት፣ 13.9 ሚሊሰከንድ ያገኛል፣ ሳይንገዳገድ የሚሄድ 72 ለሆዳችሁ ከሚንተፋተፍ 90 በጣም ይሻላል።

ያቺን 8 ጂቢ ካርድ አልጣልኳትም፣ ከነኮምፒውተሯና ከአሮጌው ክዌስት 2 ጋር አዲስ አበባ ለወንድሜ ላክኩለት። ለወገን የምትልኩ ከሆነ ካርዱን ከኬዙ ፈቱትና ለብቻው በእጅ ሻንጣ ይሂድ፣ ተሰክቶ ከሄደ በክብደቱ ስሎቱን ገንጥሎት ነው የሚደርሰው። ፓወር ሰፕላዩ አሮጌ ሆኖ ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ካለው 230 ላይ ሳታዞሩት እዛ እንዳይሰካ፣ የአገራችን መብራት 220 ነው፣ ጧ ብሎ ነው የሚሄደው። ስታቢላይዘርም ይኑረው። ሌላው ማንም የማያስበው ከፍታው ነው፣ አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ከዚ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፣ ፋኑ በዛው ፍጥነት ቢዞርም የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ቨርጂኒያ ላይ ዝም ያለችው ካርድ እዛ ስትጮህ ወንድሜ ተበላሸች ብሎ ደነገጠ። በቪዲዮ ኮል እያየሁት አንደርቮልት አደረግናት፣ ፋኗን ትንሽ ቀድማ እንድትነሳ አስተካከልን፣ ሬዞሉሽኑን 80 ፐርሰንት፣ ሄድሴቱን 72 ሄርትዝ።

እማዬ እሱ ጋ ሄዳ እንደገና ሞክራዋለች። ሀያ ደቂቃ ቆየች፣ ሎሚ የሚባል አልተፈለገም፣ ዓሣ ነባሪው በላይዋ ሲያልፍ ግን አንገቷን ደፍታ አማተበች አለኝ።