ቀኑን ሙሉ ቻርጀር ላይ ስለሚውል ላፕቶፕ ባትሪ

ጠያቂዋ እህታችን ቢሮ ውስጥ ላፕቶፕዎ ከጧት እስከ ማታ ሶኬት ላይ ተሰክቶ እንደሚውል ገልጸው፣ ባትሪው እንዳይጎዳ አውጥተው በመብራት ብቻ ቢሠሩ ይሻል እንደሆነ፣ ወይም አንድ ባልደረባዎ እንደመከሩዎት በየወሩ እስከ ዜሮ ማውረድ ይገባ እንደሆነ ጠይቀዋል። እዚሁ ጎንደር ላፕቶፕ እየጠገንኩ ለዓመታት ካየሁት ተነሥቼ ስመልስ፣ ሁለቱንም አልመክርም።

እስከ ዜሮ የማውረዱ ምክር ከድሮዎቹ የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች የቀረ ነው። የአሁኖቹ ሊቲየም አዮን ባትሪዎች ይህን አይፈልጉም፤ እንዲያውም ተሟጠው መውረዳቸው ይጎዳቸዋል። ከልክ በላይ ይሞላል የሚለው ስጋትም መሠረት የለውም፤ ባትሪው ሲሞላ የላፕቶፑ መቆጣጠሪያ ቻርጅ ማድረጉን ያቆምና ማሽኑ ኃይሉን በቀጥታ ከቻርጀሩ ይወስዳል። ጉዳቱ ያለው ባትሪው ሞልቶ፣ በዚያ ላይ ሞቆ ለረጅም ጊዜ በመቆየቱ ነው። ሙሉ በሆነ ጊዜ ባትሪውን የሚሠሩት ትናንሽ ክፍሎች (ሴሎች) እያንዳንዳቸው 4.2 ቮልት ገደማ ይይዛሉ፤ በዚህ ከፍተኛ ቮልቴጅ የውስጡ ኬሚካል ቀስ በቀስ ይበላሻል፣ ሙቀት ደግሞ ብልሽቱን ያፋጥነዋል። በዘርፉ በተደጋጋሚ በሚጠቀሰው ግምት መሠረት፣ 100 በመቶ ተሞልቶ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ1 ዓመት የተቀመጠ ባትሪ 80 በመቶ ያህል አቅሙ ሲቀረው፣ በ40 ዲግሪ የተቀመጠው ግን ወደ 65 በመቶ ይወርዳል፤ በ40 በመቶ ቻርጅ በ25 ዲግሪ የቆየው ደግሞ 96 በመቶ ገደማ ይዞ ይቆያል።

የጎንደር አየር እንደ መተማና ሁመራ ስለማያቃጥል በዚህ በኩል ዕድለኞች ነን፤ ሆኖም ባትሪውን የሚያሞቀው በአብዛኛው ራሱ ላፕቶፑ ነው። ወደ እኔ ከሚመጡት ማሽኖች ብዙዎቹ ፋናቸው በአቧራ ተደፍኗል፣ ወይም አልጋ ላይ በጋቢና በብርድ ልብስ መካከል የአየር መውጫቸው ታፍኖ የዋሉ ናቸው። ጠረጴዛ ላይ መጠቀምና ፋኑን በየጊዜው ማስጸዳት ከማንኛውም ሶፍትዌር በፊት ይቀድማል። በጣት የሚነካው የመዳሰሻ ሰሌዳ (ታችፓድ) ከፍ ካለ ወይም ክዳኑ አልገጥም ካለ ባትሪው አብጧል ማለት ስለሆነ፣ ሳይጫኑትና ሳይወጉት ወዲያው አጥፍተው ለባለሙያ ያሳዩ።

ከዚያ ቀጥሎ የሚጠቅመው የቻርጁን ጣሪያ ዝቅ ማድረግ ነው። በሌኖቮ ላፕቶፖች ቫንቴጅ በሚባለው ፕሮግራም፣ በአሱስ ማይአሱስ ውስጥ፣ በብዙ የኤችፒና የዴል ሞዴሎች ደግሞ ባዮስ በሚባለው፣ ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት በሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ውስጥ ባትሪው 80 በመቶ አካባቢ ሲደርስ መሙላት እንዲያቆም የሚያዝ ምርጫ ይገኛል። መብራት የማይጠፋበት ከተማ ቢሆን 60 በመቶ ላይ ቢያቆሙትም ባልተቃወምኩ ነበር፤ እኛ ዘንድ ግን 80 ተገቢ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ሙሉ ሆኖ 4 ሰዓት የሚያሠራ ባትሪ በ80 በመቶ ከ3 ሰዓት በላይ ያሠራልና። መብራት እንደሚቋረጥ አስቀድሞ ከተነገረ፣ ወይም ወደ ባሕር ዳር መንገድ ካለብዎት፣ በዋዜማው ገደቡን አንሥተው እስከ 100 ይሙሉት፤ የአንድ ቀን ሙሉነት አይጎዳውም።

ባትሪውን አውጥቶ መሥራትን የማልመክረውም በዚሁ ምክንያት ነው። መብራት ድንገት ሲጠፋ ሥራዎን የሚያተርፈው እሱ ነው፤ በአዳዲሶቹ ማሽኖች ደግሞ ሽፋኑ በብሎን ካልተፈታ አይወጣም። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ከዲቫይደሩ ነቅለው፣ ተመልሶ ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ቢሰኩት መልካም ነው። አብዛኞቹ ቻርጀሮች ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበሉ ቢሆንም፣ ኃይሉ ሲመለስ ለቅጽበት ከዚያ በላይ ሊዘልል ይችላል፤ ተቃጥለው ከሚመጡልኝ ቻርጀሮች ብዙዎቹ የዚህ ሰለባ ናቸው።

አሁን ያለውን ባትሪ ከመቀየርዎ በፊት ዊንዶውስ የሚያወጣውን የባትሪ ሪፖርት ይመልከቱ፤ ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን አቅምና አሁን ሲሞላ የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳያል። ግማሹ ካልቀረ መቀየሩ ያዋጣል፤ ገበያው ላይ ያሉት ርካሽ ቅጂዎች ግን ፐርሰንቱን በትክክል ስለማያሳዩ፣ 30 በመቶ ላይ ሳሉ ድርግም ብለው የሚጠፉ አጋጥመውኛል። ለወር ያህል ላይጠቀሙበት ከሆነም በ50 በመቶ አካባቢ አጥፍተው፣ ፀሐይ በማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡት።